ዳቦ፣ ጫትና ሚዛን፦ የሰውነት ክብደት ታሪክ በካርቲየ 6

በጂቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 የሚኖር ሰው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚወስኑት ነገሮች አብዛኞቹ ከሰፈሩ ርቀው የሚጀምሩ ናቸው። የስንዴና የሩዝ መርከብ፣ ከሐረርጌ ደጋ በየቀኑ የሚወርደው ጫት፣ ቀትር ላይ መንገዱን ጭር የሚያደርገው ሙቀት፣ ከእናትና ከአባት የተወረሰ ተፈጥሮ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ፍርዱ ግን ሁልጊዜ በሰውየው ላይ ይወድቃል። ትንሽ ሞላ ሲል “ተመችቶታል” ይባላል፤ ሲከሳ “ምን ነካው?” ይባላል፤ ውፍረቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ “ሆዳም ነው፣ ሰነፍ ነው” ይከተላል። ሦስቱም ግምቶች የተወለዱበት የየራሳቸው ዘመን አላቸው። ቀናቱና ዓመታቱ ከዚህ በታች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከ1888 እስከ 1917፦ ወደቡና ባቡሩ

ፈረንሳዮች ጂቡቲን መቆርቆር የጀመሩት በ1888 ነው። በዚያው ዘመን ደጋው ኢትዮጵያ ክፉ ቀን ላይ ነበር። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻው ፆሙን አደረ፤ ረሃቡም እስከ 1892 ዘለቀ። በቆላው በኩል የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች በግመል፣ በፍየልና በበግ ይኖሩ ነበር። ምግባቸው ወተትና ቅቤ፣ ማሽላ፣ ቴምር፣ እንግዳ ሲመጣና ድግስ ሲኖር ደግሞ ሥጋ ነው። ዝናብ ሲጥል ወተቱ ይትረፈረፋል፣ ሰውም ከብቱም ፊቱ ይፈካል፤ ሐጋው ሲረዝም ሁሉም ይከሳል። ሰውነት በዓመት ውስጥ ይሞላና ይጎድላል እንጂ እየጨመረ አይሄድም።

በደጋውም በቆላውም ውፍረት መልካም ስም ያገኘው ከዚህ ኑሮ ነው። በሥጋው ላይ ስብ ያለው ሰው ሐጋውን ይሻገራል፤ ሞላ ያለች እናት ጡቷ አይደርቅም። አራስ ሴት ገንፎና ቅቤ የምትመገበው፣ ከቤት ሳትወጣ የምትሰነብተው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ አመለካከት የአላዋቂ አይደለም። ጎተራው በየዓመቱ ሊጎድል በሚችልበት አገር ሰውነትን መሙላት ብልህነት ነበር።

የፈረንሳዩ አገረ ገዥ ሌኦንስ ላጋርድ መቀመጫውን ከኦቦክ ወደ ጂቡቲ ካዛወረ በኋላ ከተማዋ ፊቷን ወደ ደጋው አዞረች። አፄ ምኒልክ በ1894 የባቡሩን ውል ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ማዕድ ሁለት በሮች ኖሩት። በባሕሩ በር ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳርና ቴምር ይገባል፤ በባቡሩ በር እህል፣ አትክልትና ጫት ይወርዳል። ከተማዋ ራሷ የምታመርተው የለም ማለት ይቻላል። ዝናቡ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእርሻ የሚሆነው መሬት ከአገሪቱ ስፋት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

አውሮፓውያን ከፍ ባለው ቦታ ላይ ሲሰፍሩ፣ ከደቡብ በኩል ባለው ረባዳ መሬት ላይ የአገሬው ሰውና መጤው ሠራተኛ በእንጨትና በቆርቆሮ ቤት ተቀመጠ። ቁጥር የተሰጣቸው ካርቲየዎች ያደጉት እንዲህ ነው። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው ጎን ለጎን ኖሩባቸው። የየመኑ ሰው በምድጃ የተጋገረ ዓሣና ቂጣ፣ ፈረንሳዩ ረጅም ዳቦ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በቅመም የተሠራ ሩዝ አመጣ። አዲሱ ምግብ ስታርች የበዛበት ቢሆንም በዚያ ዘመን ሠራተኛውን አላወፈረም። ጆንያና የድንጋይ ከሰል በትከሻው የሚያመላልስ፣ ጨው የሚዝቅ ሰው የበላውን ያቃጥለዋል፤ ደመወዙም ከጥጋብ አያደርስም ነበር።

ከ1940 እስከ 1945፦ ከበባውና ረሃቡ

ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ ጂቡቲ ከጀርመን ጋር ለተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆና ቀረች። እንግሊዞች ከተማዋን በባሕርም በየብስም ከበቧት፤ ኢጣሊያ በ1941 ከኢትዮጵያ ከተባረረች በኋላ ከበባው ጠበቀ። አገረ ገዥው ፒየር ኑዋየታስ እጅ አልሰጥም አለ። ሁለቱም በሮች ተዘጉ። ከየመን በኩል በሌሊት ሾልከው የሚገቡ የዐረብ ጀልባዎች ከሚያመጡት ጥቂት በቀር የሚበላ ነገር ጠፋ። አትክልትና ፍራፍሬ ከማጣት የሚመጣው የድድ መድማት፣ የተፈተገ ሩዝ ብቻ ከመብላት የሚመጣው ቤሪቤሪ በከተማዋ ታየ። ከበባው ያበቃው ጂቡቲ በታኅሣሥ 1942 ወደ ነጻ ፈረንሳይ ስትዞር ነው።

የከበባው ዓመታት ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ናቸው። የከተማዋ ሰው የሚወፍረውም የሚመነምነውም በሮቿ ሲከፈቱና ሲዘጉ እንጂ በፈቃዱ እንዳልሆነ ያሳያሉ። ከዚህም በላይ፣ ረሃብ አልፎም ምልክቱ ከሰውነት እንደማይጠፋ ሳይንስ ያወቀው ከዚያው ጦርነት ዘመን ነው። በአሜሪካ ሚኔሶታ አንሴል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ ከ1944 እስከ 1945 ድረስ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር በግማሽ ራሽን አቆያቸው። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ አልገባ አላቸው፤ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ያወሩ፣ የምግብ አሠራር ያነቡ ነበር። ሙከራው ሲያበቃ ያለመጠን በሉ፤ የሰውነታቸውም ስብ ከመጀመሪያው በላይ ሆነ። እነዚህ ጤናማና ብርቱ ዲሲፕሊን ያላቸው ወጣቶች ስለነበሩ ነገሩን ከስንፍና ጋር ማያያዝ አይቻልም።

በሆላንድ ደግሞ በ1944 ክረምት ጀርመኖች የምግብ መንገድ ዘግተው ሕዝቡን አስርበው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የወጣ ጥናት በዚያ ረሃብ ወቅት በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት በማህፀን የነበሩ ወንዶች ለውትድርና በተመዘኑበት ዕድሜ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። በተደጋጋሚ ድርቅ ለሚመታው የአፍሪካ ቀንድ ከዚህ የበለጠ የሚመለከተው ግኝት የለም። እናት ስትራብ ልጁ ስብ የሚያጠራቅም ሰውነት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ያ ልጅ ከገጠር ወደ ካርቲየ መጥቶ ሩዝና ዘይት በቀላሉ የሚያገኝበት ቀን ሲመጣ ሰውነቱ የሚያውቀውን ይሠራል።

ከ1949 እስከ 1977፦ የነጻ ወደብ ዘመንና የሽቦው አጥር

በ1949 ጂቡቲ ከዶላር ጋር የተቆራኘ የራሷ ፍራንክና የነጻ ወደብነት ሥርዓት አገኘች። ገንዘቡ ጠንካራ፣ ወደቡ ክፍት ሲሆን ከውጭ የሚመጣ ምግብ ከማንኛውም የአካባቢ ምርት ረከሰ። የከተማ ሰው ወተቱን በቆርቆሮ፣ ስኳሩን በጆንያ መግዛት ለመደ። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር ወደ ከተማ ይጎርፍ ጀመር፤ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት የዴ ጎልን የነሐሴ 1966 ጉብኝት ተከትሎ ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ ግን ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። በአጥሩ ውስጥ ያሉት ካርቲየዎች ተጨናነቁ። በውጭ ያለው ደግሞ ባልባላ የተባለ ሰፈር ሆነ።

በውስጥ ያለው ኑሮ ቀስ በቀስ መልኩን ቀየረ። የወደቡ ሥራ ክሬን ገባበት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር በዛ። ጫት የቀኑን ሰዓት ገዛ። ቀትር አልፎ ጭነቱ ሲደርስ ሴቶች እርጥብ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ እስር እስሩን ይደረድራሉ፤ ወንዶች ምሳቸውን ቶሎ በልተው መብረዝ ወደሚባለው የጫት መቃሚያ ክፍል ይገባሉ፤ ትራስ ተደግፈው እስከ ምሽት ይቀመጣሉ። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብን ያጠፋል፣ የጨጓራን ሥራም ያዘገያል። መራራውን ለመቁረጥ ግን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይጠጣል። በአንድ 33 ሳንቲ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ስለዚህ ምንም አልበላሁም የሚል ሰው ቀላል የማይባል ምግብ ጠጥቶ ሊነሳ ይችላል። የጫት ሱሰኛ ሁልጊዜ ቀጭን ነው የሚለው ግምት ይህን አይቆጥርም።

ሚዛን የሐኪም ቤት ጉዳይ የሆነውም በዚህ ዘመን ነው። የቤልጂጉ የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ ክብደትን ለቁመት ካሬ የማካፈል ዘዴ ያወጣው የሕዝብን አማካይ ለማወቅ እንጂ አንድን ሰው ለመፍረድ አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የሕይወት መድን ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው “ተገቢ ክብደት” የሚል ሠንጠረዥ አወጡ። የሚኔሶታው ኪይስ በ1972 የኬትሌን ስሌት እንደገና አነሣውና ዛሬ ቢኤምአይ የሚባለውን ስም ሰጠው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሴት 64 ኪሎ ስትሞላ ቁጥሯ 25፣ 77 ኪሎ ስትሞላ 30 ይሆናል። ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ በሆድ ይሁን በዳሌ አይናገርም። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ከሌላው የባሰ አጋላጭ በመሆኑ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ከ1977 እስከ 1994፦ ክሳት ያስፈራበት ዘመን

ጂቡቲ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻ ወጣች፤ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ፈንድቶ ስደተኛ በአስር ሺዎች ገባ። በ1984 እና በ1985 የኢትዮጵያ ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ። የምስራቅ አፍሪካ ሰው በቴሌቪዥን የሚታወቀው አጥንቱ በወጣ ልጅ ምስል ሆነ። ወዲያው ኤድስ ተከተለ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ታወቁ። በጂቡቲና አዲስ አበባ መካከል ያለው መስመር የወደብ፣ የጭነት መኪናና የመጠጥ ቤት መስመር ስለነበር ፍርሃቱ በሁለቱም ጫፍ በረታ። ሰው ጥቂት ኪሎ ሲቀንስ የጎረቤት ሹክሹክታ ይከብበው ነበር። በክሳት የመጠርጠር ሥቃይ ያየ ትውልድ ውፍረትን የጤና ማስረጃ አድርጎ ቢይዝ አይፈረድበትም፤ ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ እናት ክብደት እንድትቀንስ ስትመከር “ሰው ምን ይለኛል?” የምትለው ከዚያ ፍርሃት የተነሣ ነው።

በቤተ ሙከራ ግን “ሆዳም ነው” የሚለው ፍርድ በእነዚሁ ዓመታት መሠረቱ ተናጋ። አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቹ በ1986 በዴንማርክ በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎችን መረመሩ። የጎልማሶቹ ክብደት ከወለዷቸው ወላጆች ጋር ተመሳሰለ፤ በአንድ ማዕድ ካሳደጓቸው ጋር ግን አልተመሳሰለም። በ1990 ክሎድ ቡሻር በካናዳ 12 ጥንድ መንታ ወጣቶችን በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለ84 የምግብ ቀናት፣ ከሚያስፈልጋቸው 1,000 ካሎሪ አስበልጦ መገባቸው። ትርፉ ምግብ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ጭማሪው ግን ከ4 እስከ 13 ኪሎ ተለያየ፤ መንታዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተቀራረቡ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሳህን በልተው አንዱ ብቻ መወፈሩ ተረት አይደለም።

በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን በኒው ዮርክ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። ስብ ራሱ ሆርሞን ያመነጫል፣ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፣ አንጎልም ረሃብን ያነሣሣል። ሌፕቲን ጨርሶ የሌላቸው፣ እጅግ የወፈሩና መጥገብ የማያውቁ ሕፃናት በ1997 በእንግሊዝ ተለይተው ታወቁ፤ መርፌው ሲሰጥ ረሃባቸው ረግቦ ክብደታቸው ወረደ። እንዲህ ያለ ሕመም እጅግ ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ረሃብ በፈቃድ የሚታዘዝ ሳይሆን በደም የሚመጣ ትእዛዝ መሆኑን ለሁሉም አሳይቷል።

ከ1994 እስከ 2011፦ የዘይትና የስንዴ ጎርፍ

ተፈጥሮ ይህን ያህል ኃይል ካላት ውፍረት ለምን በአንድ ትውልድ ውስጥ በዛ? የሰው ዘር በሠላሳ ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ማዕዱ ነው። አሜሪካዊው ባሪ ፖፕኪን በ1993 የአመጋገብ ሽግግር ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው፦ ከእህልና ከአትክልት ወደ ዘይት፣ ስኳርና የፋብሪካ ምግብ፣ ከእግር ጉዞ ወደ መኪና። ድሃ አገሮች ሀብታም ሳይሆኑ ሽግግሩ ደረሰባቸው፤ ርካሽ የምግብ ዘይት ቀድሞ ስለመጣ።

ካርቲየ 6 ላይ ይህ ከሱቁ መደርደሪያ ይታያል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዱቄት፣ ስኳርና የዘይት ጀሪካን ርካሽ ናቸው፣ ሙቀትም አያበላሻቸውም። ቲማቲም፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ከኢትዮጵያ ተጭነው ይመጣሉ፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ይበሰብሳሉ፤ ዋጋቸውም በመንገዱ ደኅንነት ይዋዥቃል። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር 4 ገደማ ይይዛል። የዕለት ገንዘቧን ቆጥራ ልጆቿን ማጥገብ ያለባት እናት ብዙ ካሎሪ በትንሽ ፍራንክ ስትገዛ ሒሳቧ ትክክል ነው። ቁርሱ ከዳቦ ቤት የመጣ ዳቦና ካሚር የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ከስኳር ሻይ ጋር ነው፤ ምሳው በዘይት የደለበ ሩዝ። ጂቡቲ ከምትመገበው 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በ2008 የዓለም የእህል ዋጋ ሲንር መጀመሪያ ከሳህኑ የወጣው ሥጋውና አትክልቱ ነበር እንጂ ዱቄቱና ዘይቱ አልነበረም። ከድርቅ በኋላ የቀነጨረ ሕፃንና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላት እናት በአንድ ቤት መገኘታቸው ግር ሊያሰኝ አይገባም። ምንጩ አንድ ነው፦ ካሎሪ የበዛበት፣ ንጥረ ነገር ያነሰበት ማዕድ።

የሴቶቹ ጉዳይ የተለየ ትኩረት ይሻል። ጂቡቲን ጨምሮ በአካባቢው አገሮች ከልክ ያለፈ ውፍረት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ተደጋጋሚ እርግዝና፣ ከቤት የማያስወጣ ሥራ፣ ሴት በነጻነት የምትራመድበትና የምትሮጥበት ጥላ ያለው ቦታ ማጣት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም የማይወርድ ሙቀት ይደራረባሉ። ስንፍና ብሎ የሚፈርድ ሰው በሐምሌ ቀትር በካርቲየ 6 መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ይራመድ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 በጄኔቫ ሊቃውንትን ሰብስቦ ከልክ ያለፈ ውፍረትን የዓለም ወረርሽኝ ሲል ሰየመ፤ 30ን የቢኤምአይ ድንበር አድርጎ አጸና። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ለውጡን ይዘግባሉ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል በ2000 እጅግ ቀጭን የነበሩት 30 በመቶ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 22 እና 8 በመቶ ሆኑ። ከልክ ያለፈው ክብደት በገጠር 4 በመቶ ሲሆን በከተማ 21 በመቶ ነበር። ረሃቡ ገና ሳይወጣ ውፍረቱ ገብቷል።

ከ2012 ወዲህ፦ ፍርዱ ሲገለበጥ

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግኝቶች “ብዙ ተንቀሳቀስ፣ ትንሽ ብላ” የሚለውን ምክር በቂ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሄርማን ፖንትዘር በ2012 የታንዛኒያ ሐድዛ አዳኞች ቀኑን ሙሉ ሲኳትኑ ቢውሉም የሰውነት መጠናቸው ግምት ውስጥ ሲገባ በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ ከአሜሪካ ቢሮ ሠራተኛ እንደማይበልጥ አገኘ። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለስኳርና ለአእምሮ መድኃኒት ነው፤ ሚዛኑን ግን ብቻውን አይገፋም። ኬቨን ሆል በ2016 በቴሌቪዥን ውድድር እጅግ የከሱ 14 አሜሪካውያንን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምር አብዛኞቹ መልሰው ወፍረዋል፤ ሰውነታቸው በቀን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ያቃጥል ነበር። ይኸው ሰው በ2019 ባካሄደው ሌላ ሙከራ 20 ሰዎች የፋብሪካ ምግብ እንዳሻቸው ሲመገቡ፣ በፋብሪካ ካልተቀነባበረ ምግብ ይልቅ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ያህል ጨመሩ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለየው ምግቡ ነው።

በ2021 አሜሪካ ለውፍረት የፈቀደችው ሴማግሉታይድ የተባለ ሆርሞን መሰል መርፌ ክርክሩን ከሥሩ ነቀነቀው። በሙከራው ተጠቃሚዎች በአማካይ 15 በመቶ የሰውነት ክብደታቸውን ቀነሱ፤ መድኃኒቱን ሲያቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። በሆርሞን ሄዶ ያለሆርሞን የተመለሰን ነገር የባሕርይ ጉድለት ማለት አስቸጋሪ ነው። መርፌው ግን ውድ በመሆኑ ለካርቲየ 6 ነዋሪ እስካሁን የሩቅ ወሬ ነው። በ2024 የወጣ ዓለም አቀፍ ስሌት በ2022 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ከ1 ቢሊዮን መብለጣቸውን ገለጸ። በጥር 2025 አንድ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ቡድን ቢኤምአይ ብቻውን በሽታ መለያ ሊሆን እንደማይገባ፣ የወገብ ስፋትና የአካል ክፍሎች ጉዳት መታየት እንዳለበት ሐሳብ አቀረበ።

ይህ ለጂቡቲ ጤና ጣቢያዎች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በክብደታቸው የተዋረዱ ሰዎች ከሐኪም እንደሚሸሹ፣ ብዙዎቹም ይበልጥ እንደሚወፍሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ከካርቲየ 6 የመጣች እናት ሚዛን ላይ ስትወጣ የሚቀድመው ተግሣጽ ሳይሆን የደም ግፊቷን፣ ስኳሯንና ወገቧን መለካት፣ ከዚያም ምን እንደምትገዛ፣ በስንት እንደምትገዛ መጠየቅ ነው። የአትክልት ዋጋ፣ ጥላ ያለው የእግር መንገድና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ደግሞ የማዘጋጃ ቤትና የመንግሥት ሥራ ናቸው፤ ከእርሷም ሊጠበቁ አይገባም።